ጎረቤት የሌለው ሱቅ

ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 10 ቀን 2008፣ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ዕቃ ሸጦ የሚተዳደር ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለት መጥፎ ዜና ሰማ። የመጀመሪያው የሰርኪት ሲቲ ነበር። በ1949 ሪችመንድ ቨርጂኒያ ውስጥ ተመሥርቶ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች የከፈተው ይህ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ፍርድ ቤት ገባና የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሁለተኛው የዲኤችኤል ነው። ኩባንያው ከጃንዋሪ 30 ቀን 2009 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ግዛት ጥቅል ማመላለሱን እንደሚያቆም፣ ዓለም አቀፍ አገልግሎቱን ብቻ ይዞ እንደሚቀርና 9,500 ሠራተኞች እንደሚያሰናብት አስታወቀ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለትንሹ የኢንተርኔት ነጋዴ የከበደው ሁለተኛው ዜና ነው። ለፈረንጅ ገና የቀረው ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ የዓመቱ ዋና ገበያ የሚደራበት ጊዜ። ከዲኤችኤል ጋር ውል የነበረው ሰው አሁን ፊቱን የሚያዞረው ወደ ዩፒኤስ፣ ወደ ፌዴክስ ወይም ወደ መንግሥት ፖስታ ቤት ነው። አማራጭ ሲጠብ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ነጋዴ ለሆነ ሰው አይነገረውም። እነዚህ ኩባንያዎች ያሳተሙት የዋጋ ዝርዝር አለ፤ ዘወትር ጥቅል የሚልክ ነጋዴ ግን በዝርዝሩ ዋጋ አይከፍልም፣ ተደራድሮ ያስቀንሳል። ማን ስንት እንደተቀነሰለት የሚጽፍ ጋዜጣ የለም፤ ውሉም በአብዛኛው በምስጢር የሚያዝ ነው። «እንደ እኔ ያለ ሱቅ እስከ ምን ድረስ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ባለፈው ወር በዚያው ድርድር ውስጥ ያለፈ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ነው።

ያንን ነጋዴ ከየት ያገኘዋል? መርካቶ ቢሆን ጥያቄው አይነሳም ነበር። ሸማ ተራ ወይም ቆርቆሮ ተራ ሱቅ ያለው ሰው ገበያውን ለማወቅ በሩ ላይ መቆም ይበቃዋል። የማን መኪና ዕቃ እያራገፈ እንደሆነ፣ ማን ዱቤ መስጠት እንዳቆመ፣ የትኛው ሱቅ ከሰዓት በኋላ መዝጋት እንደጀመረ ያያል። ገበያው ሲቀዘቅዝበት የጎረቤቱም መቀዝቀዙን በዓይኑ አይቶ ይጽናናል፤ ጎረቤቱ ሲደራለት የእሱ ብቻ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳይመሽ ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል፤ የአንድ ሙያ ሰዎች አንድ አካባቢ ሲሰባሰቡ የሙያው ምስጢር ምስጢርነቱ ይቀራል፣ አዲስ ሐሳብም ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ይሻገራል የሚል ነው ነገሩ።

የኢንተርኔት ሱቅ ተራ የለውም። ባለቤቱ ቤቱ ወይም መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ያያል። ተወዳዳሪዎቹ የት እንዳሉ፣ ስንት እንደሸጡ፣ ስንት ዕቃ እንደተመለሰባቸው አያውቅም። የሚያየው የራሱን ቁጥር ብቻ ነው። በደጉ ጊዜ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሽያጩ ወደ ላይ እስከሄደ ድረስ ለምን እንደሄደ ሳይመረመር ዓመት ያልፋል። የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን ብቸኝነቱ ገንዘብ ያስከፍላል።

አንዲት የሕፃናት ልብስ በኢንተርኔት የምትሸጥ ነጋዴ እናስብ። በወር 40 ሺህ ሰው ድረ ገጿን ይጎበኛል፤ ከመቶው ሁለቱ ይገዛሉ፤ ይህ 800 ትእዛዝ ነው። አንድ ጠዋት የወሩን ሒሳብ ስታይ የጎብኚው ቁጥር እንዳለ ነው፣ ትእዛዙ ግን 640 ሆኗል። ምን ተፈጠረ? ሰው ገንዘብ አጥሮት ይሆናል። አንድ ትልቅ ተወዳዳሪ መላኪያውን በነፃ አድርጎት ይሆናል። በጉግል ማስታወቂያ የሚመጣላት ሰው እንደ ድሮው ሊገዛ የመጣ ሳይሆን ዋጋ አወዳድሮ የሚሄድ ሆኖ ይሆናል። ወይም ባለፈው ሳምንት ድረ ገጹ ሲታደስ የክፍያው ገጽ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ መሥራት አቁሞ ይሆናል። የመጀመሪያው ምክንያት የአገር ችግር ነው፤ እሷ ብቻዋን አትፈታውም፣ ወጪ ቀንሳ መጠበቅ ነው ያለባት። የመጨረሻው የራሷ ችግር ነው፤ ባለሙያ ጠርታ በአንድ ቀን ታስተካክለዋለች። ሁለቱ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታዩት በአንድ መልክ ነው፤ 160 ትእዛዝ ጎደለ ከማለት በቀር የሚነግሯት የለም።

በድቀት ጊዜ ለኢንተርኔት ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህን መለየት መቻል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምኑ የሁላችን ነው፣ ምኑ የእኔ ብቻ ነው? ሁሉንም በኢኮኖሚው የሚያሳብብ ሰው በአንድ ቀን የሚጠገን ቀዳዳ ይዞ ይሰጥማል። ሁሉንም በራሱ የሚያሳብብ ደግሞ ደህና የነበረውን ሥራ አፍርሶ እንደገና ሲገነባ ገንዘቡን ይጨርሳል። ነጋዴዎች ተሰባስበው ስለሚነጋገሩባቸው የሙያ ጉባኤዎች ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መንግሥትና የምርምር ተቋማት ይህን መልስ አይሰጡም ወይ? ይሰጣሉ፤ ግን ዘግይተው። በአሜሪካ ድቀት መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ የሚወስነው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ የሚባለው ተቋም፣ ድቀቱ ዲሴምበር 2007 ላይ መጀመሩን ያስታወቀው ዲሴምበር 1 ቀን 2008 ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ጁን 2009 ላይ ማብቃቱን የተናገረው ደግሞ ሴፕቴምበር 2010 ነው። የኢንተርኔት ንግዱም ቁጥር እንዲሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ከ1999 መጨረሻ አንስቶ በየሩብ ዓመቱ የኢንተርኔት ችርቻሮን ሲለካ ቆይቶ፣ ሽያጩ ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ሲያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ነው፤ ነጋዴው ይህን የሰማው ግን ፌብሩዋሪ 2009 አጋማሽ ላይ፣ የበዓሉ ገበያ አልፎ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ከቀረ በኋላ ነበር። ኮምስኮር የተባለው የጥናት ድርጅት የዚያን በዓል የኢንተርኔት ሽያጭ 25.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎታል፤ ከቀዳሚው ዓመት ሦስት በመቶ ያነሰ። ይህ አማካይ ነው። በዚያው ዓመት አማዞን ሽያጩን በ29 በመቶ አሳድጎ 19 ቢሊዮን ዶላር አሻግሯል። ሦስት በመቶ ወርዷል የተባለው ገበያ ውስጥ አንዱ እንደዚህ ሲያድግ ሌሎቹ ምን ያህል እንደወረዱ መገመት አያዳግትም፤ የሕፃናት ልብስ ሻጯ ከእነማን ወገን እንደሆነች ግን አማካዩ አይነግራትም።

እንግዲህ ሰው ለሰው ተገናኝቶ መነጋገር የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢኖር ያ ጊዜ ነበር። ነገሩ የሄደው ግን በተቃራኒው ነው፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ጉባኤ መሄድ እንደ ነውር መታየት ጀመረ።

ነገሩ የጀመረው ከኤአይጂ ነው። ይህ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሴፕቴምበር 2008 ላይ ከመውደቅ የዳነው መንግሥት በፈቀደለት 85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ነው። ብድሩ በተፈቀደ በቀናት ውስጥ ከኩባንያው ቅርንጫፎች አንዱ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ባለ የቅንጦት ሆቴል ለሽያጭ ወኪሎቹ ባዘጋጀው መስተንግዶ ከ440 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ኦክቶበር ላይ ይህ በኮንግረስ ፊት ሲነበብ አገር ተቆጣ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነበር። በፌብሩዋሪ 2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ኤልክሃርት ኢንዲያና ላይ ሲናገሩ፣ የመንግሥት ድጋፍ የተቀበሉ ኩባንያዎች በግብር ከፋዩ ገንዘብ ላስ ቬጋስ መዝናናት እንደማይችሉ አስጠነቀቁ። የላስ ቬጋስ ከንቲባ ኦስካር ጉድማን ይቅርታ ይጠየቅልን ብለው ተነሱ። በዚያው ሰሞን ጎልድማን ሳክስ ላስ ቬጋስ ሊያካሂደው የነበረውን ጉባኤ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አዛወረ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ርካሽ ከተማ ሆና አይደለም፣ ስሟ ስለማያሳፍር ነው። በ2008 ወደ 5.9 ሚሊዮን የነበረው የላስ ቬጋስ የጉባኤ እንግዳ በ2009 ወደ 4.5 ሚሊዮን ወረደ።

በዚህ ግርግር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባለቁ። ደህና ለሸጠ ወኪል ሽልማት ተብሎ የሚዘጋጅ የሆቴል ግብዣ ሌላ ነው፤ ነጋዴ ከኪሱ ከፍሎ ሥራውን የሚማርበት ስብሰባ ሌላ። የባንኮቹ ኃፍረት አንድ ሳንቲም የመንግሥት ድጋፍ ላልተቀበለው የጫማ፣ የመጫወቻና የመጽሐፍ ሻጭም ተረፈው። በየድርጅቱ ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው የጉዞና የሥልጠና መስመር ነው፤ መሰረዙ ቀላል ስለሆነ፣ ጉዳቱም ወዲያው ስለማይታይ።

ቢሆንም የሄዱ ነበሩ። ጁን 2009 ላይ ኢንተርኔት ሪቴይለር የተባለው የንግድ መጽሔት ዓመታዊ ጉባኤውንና ኤግዚቢሽኑን ቦስተን ላይ አካሄደ። ከ15 ወራት በኋላ እንደታወቀው፣ ድቀቱ ያበቃው በዚያው ወር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱም ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ የማያውቅ ሰው ዋናው ነገር መድረኩ ላይ ያለው ንግግር ይመስለዋል። ጠዋት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ይናገራል፤ ከዚያ ሰው በየክፍሉ ተከፋፍሎ ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ኢሜይል፣ ስለ መጋዘን ይሰማል። ከታች ሰፊው የኤግዚቢሽን ወለል አለ፤ ቡዝ ከቡዝ ተጠጋግቶ፣ ስክሪኑ እየበራ፣ ከረሜላና እስክሪብቶ በሳህን ተደርድሮ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ ነጋዴውን ከአገልግሎት ሻጩ ይለያል። ሻጮቹ መጀመሪያ የሚያዩት ደረትን ነው፤ ባጁ ነጋዴ ነው ካለ ፈገግታው ይመጣል፣ እንደ እነሱ ሻጭ ከሆነ ዓይናቸው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ባጁን በመሣሪያ ያነበበ ድርጅት በሚቀጥለው ሳምንት ይደውላል፤ ይህ የማይቀር ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ምሳ ላይ ነው። ብዙ ጉባኤዎች ክቡን ጠረጴዛ በርዕስ ይለያሉ፤ መሐሉ ላይ በቆመች ካርድ «የዕቃ መላኪያ» ወይም «ተመላሽ ዕቃ» ተብሎ ይጻፋል። የሕፃናት ልብስ ሻጯ አንዱ ጋ ትቀመጣለች። ከአጠገቧ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ፊት ለፊቷ የወጥ ቤት ዕቃ የምትሸጥ ሴት። ተወዳዳሪዋ የሆነ አንድም የለም፤ ለዚህ ነው አፋቸው የሚፈታው።

«የእኔ ትእዛዝ ከመስከረም ወዲህ ከአምስት አንድ እጅ ጎድሏል» ትላለች።

«ጎብኚውስ?» ይላታል የዓሣ ማጥመጃው ሰው።

«ጎብኚው እንዳለ ነው።»

«የእኔ ግን ጎብኚውም ትእዛዙም አብሮ ነው የወረደው። የእርስዎ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው እየመጣ ከበር ከተመለሰ መዝጊያውን ይዩት።»

ከፊት ለፊት ያለችው ሴት ትጨምራለች፤ «ከመክፈላቸው በፊት እንዲመዘገቡ ታስገድጃለሽ እንዴ?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ዓመት ትኩስ ነበር። የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚያጠናው ጃሬድ ስፑል ጃንዋሪ 2009 ላይ ስለ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ትልቅ ቸርቻሪ ጽፎ ብዙ ሰው አንብቦታል። ቸርቻሪው ደንበኛ ከመክፈሉ በፊት አካውንት እንዲከፍት ያስገድድ የነበረውን ገጽ አንስቶ፣ «ይቀጥሉ» የሚል ቁልፍ ሲተካበት ግዢ የሚጨርሰው ሰው በ45 በመቶ ጨመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ተጨማሪ ገቢ 300 ሚሊዮን ዶላር ነበር ተባለ። ጽሑፉ ማንም በነፃ የሚያገኘው ነው። ታዲያ ለዚህ ቦስተን መሄድ ለምን አስፈለገ? ጽሑፉን ካነበቡት ብዙዎች «ይህ የትልቆች ነገር ነው» ብለው አልፈውታል። ስምንት ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ሦስቱ «እኔም አንስቼው ለውጥ አይቻለሁ» ሲሉ ግን ሰው ማታውኑ ሆቴሉ ገብቶ ለፕሮግራመሩ ይደውላል። መረጃ ከማግኘት ይልቅ የሚከብደው በመረጃው ለመሥራት መድፈር ነው፤ በተለይ ገንዘብ ሲያጥር። ድፍረቱን የሚሰጠው የአቻ ምስክርነት ነው።

ሒሳቡን እንጨርሰው። ወጪዋ ትኬት፣ አውሮፕላን፣ ሦስት ሌሊት ሆቴልና ምግብ ተደምሮ ሦስት ሺህ ዶላር ሆነ እንበል። ሽያጯ ወደ ቀድሞው ቢመለስ በዓመት 9,600 ጥቅል ትልካለች። በዚያው ምሳ ላይ፣ ለመኖሪያ ቤት ሲደርስ ብለው የዕቃ አድራሾቹ የሚጨምሩባት ክፍያ ሊደራደሩበት የሚችል መሆኑን ሰምታ በአንድ ጥቅል 60 ሳንቲም ብታስቀንስ፣ በዓመት 5,760 ዶላር ነው። የክፍያ ገጹን አስተካክላ ከጎደለው 160 ትእዛዝ ግማሹን ብቻ ብትመልስና አንዱ ትእዛዝ 70 ዶላር ቢሆን፣ በወር 5,600 ዶላር ሽያጭ ነው። ሁሉም እንዲህ ይቀናዋል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ወጪው የሚታይ፣ ጥቅሙ የማይታይ ስለሆነ ብቻ ጉዞውን የሚሰርዝ ሰው ሒሳቡን በግማሽ እንደሠራ ይወቀው።

በጠረጴዛው ላይ የማይወራም አለ። ተወዳዳሪዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰን በአሜሪካ ከ1890 የሸርማን ሕግ ጀምሮ ወንጀል ነው፤ የንግድ ማኅበራት ስብሰባ ሲከፍቱ ይህን የሚያስታውሱት ለዚሁ ነው። ስለ ነገ ዋጋ ማውራት ክልክል ነው፤ ስለ ትናንት ስህተት ማውራት ግን የሚከለክል የለም፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስተምረው ደግሞ ይኸው ነው።

ምሁራንም ይህን ጉዳይ አጥንተውታል። ሃራልድ ባተልት፣ አንደርስ ማልምበርግና ፒተር ማስከል የተባሉ የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ሊቃውንት የንግድ ትርኢቶችን ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆሙ የሙያ መንደሮች አድርገው ይመለከቷቸዋል፤ ማርሻል ያየውን መንደር በቀናት አሳጥሮ እንደማቆም ነው። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ ደግሞ አዲስ ወሬ የሚመጣልን ከቅርብ ወዳጆቻችን ይልቅ አልፎ አልፎ ከምናያቸው ሰዎች መሆኑን አሳይቷል፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለንና። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ በአጋጣሚ የተገኘ ማስረጃ ነው። በ2012 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ኒው ኦርሊንስ ላይ ሊያካሂድ የነበረው ዓመታዊ ጉባኤ አይዛክ በተባለ አውሎ ነፋስ የተነሳ በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘ። ፕሮግራሙ ታትሞ፣ ተሳታፊው ተመዝግቦ ነበር። ራኬል ካምፖስ፣ ፈርናንዳ ሌዮንና ቤን ማክዊሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው፣ ሊገናኙ የነበሩት ሰዎች በሚቀጥሉት ዓመታት አብረው የጻፉትን ቆጠሩ። ጉባኤው ካልተሰረዘባቸው ጋር ሲያነጻጽሩት አብሮ የመሥራት ዕድላቸው በግልጽ ቀንሶ አገኙት። ነጋዴና የፖለቲካ ሳይንስ መምህር አንድ አይደሉም፤ ሳይገናኙ የቀሩ ሰዎች የሚያጡት ነገር ግን እውነተኛና የሚቆጠር መሆኑን ይህ ጥናት አሳይቶናል።

የድቀት ጊዜ ጉባኤ በደጉ ጊዜ የማይገኝ ነገርም አለው። ሕዝብ ሲቀንስ የአገልግሎት ሻጩ ጊዜ ያገኛል። በደህና ዓመት አንዲት ትንሽ ነጋዴ ቡዝ ላይ የምታገኘው ትናንት የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ገበያ ሲጠፋ ግን የኩባንያው ባለቤት ራሱ ይቆማል፣ ውል የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ማለት ነው። የሦስት ወር ነፃ ሙከራ፣ የመጀመሪያ ክፍያ መተው፣ ውልን ከዓመት ወደ ወር ማሳጠር፤ እነዚህ ሁሉ በስልክ «አይቻልም» ተብለው ፊት ለፊት የሚቻሉ ናቸው።

የንግድ ማኅበራቱም ሌላ ጥቅም አላቸው። በ1996 የተቋቋመው የኢንተርኔት ቸርቻሪዎች ማኅበር ሾፕ ዶት ኦርግ፣ ከምስጋና ቀን በኋላ ባለው ሰኞ ሽያጭ እንደሚጨምር ከአባላቱ ቁጥር አስተውሎ በ2005 ቀኑን «ሳይበር መንደይ» ብሎ ሰየመው። አንድ ሱቅ ብቻውን ቢያየው አጋጣሚ ይለው ነበር። ሕግም እንዲሁ ነው። ኤፕሪል 2008 ላይ ኒው ዮርክ በግዛቷ ውስጥ ኮሚሽን እየተከፈላቸው ደንበኛ የሚያመጡላቸው ድረ ገጾች ያሏቸውን የኢንተርኔት ሻጮች የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስቡ ስታስገድድ፣ ኦቨርስቶክ የተባለው ኩባንያ በወሩ ከኒው ዮርክ አስተዋዋቂዎቹ ጋር ውሉን አቋረጠ፤ አማዞን ግዛቷን ከሰሰ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ነጋዴ «እኔንስ ይመለከተኛል?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

ከትልልቆቹም መካከል በራቸውን የከፈቱ ነበሩ። ጫማ ሻጩ ዛፖስ ኖቬምበር 2008 ላይ ከሠራተኞቹ ስምንት በመቶውን ሲያሰናብት ሥራ አስኪያጁ ቶኒ ሼይ ለሠራተኞቹ የጻፈውን ደብዳቤ ለሕዝብ አወጣው። ከላስ ቬጋስ ብዙ የማይርቀውን የሄንደርሰን ዋና መሥሪያ ቤቱንም ለጎብኚ ክፍት አድርጎት ነበር፤ ለጉባኤ ላስ ቬጋስ የመጣ ነጋዴ ስልክ የሚመልሱት ሠራተኞች እንዴት እንደሚሠሩ ሄዶ ማየት ይችል ነበር። ጁላይ 2009 ላይ አማዞን ዛፖስን ለመግዛት ተስማማ።

አሁን ስለ ጉድለቱ ልናገር፤ ጉባኤን የሚያሞግስ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ይዘለዋል። ጠረጴዛው ላይ የሌሉ ሰዎች አሉ፤ የዘጉት። በ2008 መጨረሻ የመጫወቻ ሻጩ የኢቶይስ እናት ኩባንያ ኪሳራ ውስጥ ሲገባ የእሱ ሰዎች ቦስተን ላይ ተነስተው «እኛ በዚህ ምክንያት ወደቅን» አላሉም። እዚያ የሚሰማው የተረፉት ወሬ ነው፤ ስለዚህ «ሁላችንም አሥር በመቶ ወርደናል» የሚለው ድምዳሜ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይልቅ ጥሩ መስሎ ይታያል። መድረኩም ያው ነው፤ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ የስፖንሰር ሰው ወይም የስፖንሰሩ ደንበኛ ነው።

ከዚህ የከፋው ሁሉም አብሮ ሲሳሳት ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ለሁለት ወር ድቀት ውስጥ ገባ፤ የኢንተርኔት ንግድ ግን ከፍ ብሎ በረረ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ከቀዳሚው ዓመት ከ40 በመቶ በላይ አደገ፤ ከጠቅላላው ችርቻሮ ያለው ድርሻም 16 በመቶ ገደማ ደረሰ። በዘርፉ ውስጥ ብዙው ሰው ይህ ዝላይ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎ አመነ፤ መጋዘን ሰፋ፣ ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ዕቃ ተከማቸ። ጁላይ 2022 ላይ ለኢንተርኔት ሱቆች ሶፍትዌር የሚያቀርበው የሾፒፋይ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ቶቢ ሉትኬ ከሠራተኞቹ አሥር በመቶውን ሲያሰናብት፣ ዝላዩ ቋሚ ነው ብሎ መወራረዱ እንዳልሠመረ ጻፈ። እርስ በርስ ሲነጋገር የከረመ ሙያ የራሱን ማሚቶ እንደ ማስረጃ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው ከጠረጴዛው ይዞ መመለስ ያለበት የሌላውን ቁጥር ነው፤ ስለ ነገ የሚነገረውን ትንቢት እዚያው ይተወው።

መሄድ የሌለበትም ሰው አለ። የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ መክፈል የሚያጠራጥረው ሰው ሦስት ሺህ ዶላር ለጉባኤ አያውጣ፤ መጀመሪያ ከአበዳሪውና ከአቅራቢው ጋር ይነጋገር። የራሱን ቁጥር የማያውቅም አይሂድ። ከመቶ ጎብኚ ስንቱ እንደሚገዛ፣ አንድ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ለማስታወቂያ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከሚልከው ስንቱ እንደሚመለስ፣ ለአንድ ጥቅል ስንት እንደሚከፍል ያልያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚሰጠውም የሚቀበለውም የለውም። እነዚህን አራት ቁጥሮች በአንዲት ወረቀት ጽፎ የመጣ ሰው ግን በመጀመሪያው ምሳ ላይ የት እንደቆመ ያውቃል።

ወጪውን ማቅለያም መንገድ አለ። ብዙ ጉባኤዎች የኤግዚቢሽኑን ወለል ብቻ በነፃ ወይም በጥቂት ዶላር ያስጎበኛሉ፤ የኮሪደሩ ወሬ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። በ2016 የተጀመረው ሾፕቶክ የተባለው ጉባኤ ከአገልግሎት ሻጮች ጋር የተወሰኑ አጫጭር ስብሰባዎች ለማድረግ ለተስማማ ነጋዴ ትኬቱን በነፃ ይሰጣል፣ ከጉዞውም የተወሰነውን ይሸፍናል። ሁለት ሰው ከመላክ አንድ መላክ፣ ሩቅ ካለው ትልቁ ይልቅ በመኪና የሚደረስበትን ትንሹን መምረጥም ያስኬዳል። በእኔ ፍርድ ለትንሽ ሱቅ ሁለት መቶ ሰው የሚሰበሰብበት ከአምስት ሺው ይሻላል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ሰው በስሙ መጠራራት ይጀምራልና።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ሳምንት ወሳኝ ነው። በቦርሳ የመጣው ቢዝነስ ካርድ በሦስተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ከገባ ጉዞው ባክኗል። የሕፃናት ልብስ ሻጯ ሰኞ ጠዋት ለዕቃ አድራሹ ወኪል ትደውላለች፤ ማክሰኞ የክፍያውን ገጽ ራሷ እንደ ደንበኛ ሆና ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ትሞክረዋለች። ረቡዕ ለዓሣ ማጥመጃው ሰውና ለወጥ ቤት ዕቃ ሻጯ ትጽፋለች፤ በየወሩ መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት በስልክ እየተገናኘን አራቱን ቁጥሮች ብንነጋገርስ? ሁለቱ እሺ ይላሉ፣ እነሱም አንድ አንድ ሰው ይጨምራሉ። በጃንዋሪው ጥሪ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ከበዓሉ ሽያጭ ስንቱ ተመለሰ፣ የመመለሻውን መላኪያስ ማን ከፈለ? የዓሣ ማጥመጃው ሰው ከመቶ አራት ይላል፣ የወጥ ቤት ዕቃ ሻጯ ስድስት። የሕፃናት ልብስ ሻጯ አሥራ አንድ ብላ የልኬት ሠንጠረዧን መመርመር ትጀምራለች።